ባቡሯን ያጠብኩ ዕለት

ሰው በመስረቁ ይባረራል፤ በመስከሩ ይባረራል፤ እንደ እኔ ያለው ደግሞ አፉን ባለመሰብሰቡ ይባረራል። በማጠቡ ሊባረር ጥቂት የቀረው ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ግን ወንበር ሳቡና ጠጋ በሉ፤ እኔ ነኝ።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ሮም፣ ፒኜቶ ሰፈር፣ አሳንሰሩ ከሚሠራበት ቀን የሚያርፍበት በሚበዛ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ እዚያ ባዳንቴ ነኝ። ባዳንቴ ማለት ለማያውቅ፣ ሽማግሌ የሚጦር፣ መድኃኒት በሰዓቱ የሚያቀብል፣ ፓስታ የሚቀቅል፣ ሲያስፈልግ የሚጣላ፣ ሁልጊዜ ደግሞ የሚሸነፍ ሰው ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?» ስትለኝ «የኢንጂነር ረዳት ነኝ» እላታለሁ። አልዋሸሁም። ኢንጂነሩ ከአልጋ ሲነሡ እረዳቸዋለሁ።

የምጦራቸው ሲኞር ኤቶሬ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የውኃ ቧንቧ ንድፍ ሲሥሉ ኖረው ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ልባቸውን ጨርሰው የሰጡት ድሮም ለሚወዱት ባቡር ነው። ባቡር ስላችሁ ጣቢያ ሄዳችሁ የምትሳፈሩበትን እንዳይመስላችሁ። የሳቸው ባቡር ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ ብትሆን ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ትቆማለች፤ ሰው አትጭንም፤ ትኬት አትጠይቅም። በዚህ በኩል እንኳ ከከተማው ትራም ትሻላለች፤ ቢያንስ ስትጠብቋት እዚያው ናት።

የምን ባቡር እንደሆነች ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ የደረሰብኝ መከራ አይገባችሁም። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት፣ እንግሊዝ አገር፣ ትልልቆቹ ባቡሮች ዋናውን መስመር ይዘው ሲፎክሩ፣ ከዋናው መስመር ተገንጥሎ ወደ ገጠር ከተማ የሚገባውን አጭር ሐዲድ የሚያገለግሉ ትንንሽ የእንፋሎት ባቡሮች ነበሩ አሉ። ትልልቆቹ ውኃና ከሰላቸውን በሌላ ሰረገላ አስጭነው ከኋላ ያስከትላሉ። ትንንሾቹ ግን ሎሌ የላቸውም፤ ውኃውንም ከሰሉንም እዚያው ገላቸው ላይ ተሸክመው ነው የሚሄዱት፤ ገበያ እንደሚወርድ ገበሬ። የሚሄዱበት ሐዲድ ደግሞ ስፋቱ ጉድ ነው። የዛሬው ሐዲድ ሜትር ተኩል አይሞላም፤ የነሱ ከሁለት ሜትር ያልፋል። አጭር ወፍራም ሰው እግሩን አንፈራጥጦ ወገቡን ይዞ ሲቆም አስቡት፤ እሷን አያችኋት ማለት ነው። በኋላ ሰፊው ሐዲድና ጠባቡ ሐዲድ ተጣሉ፤ ጠባቡ አሸነፈ፤ ሰፊው ተነቀለ፤ ትንንሾቹም ባቡሮች አብዛኞቹ ተቆራርጠው ለብረት ሄዱ።

«ሲኞር፣ ጣልያን ሆነው ሳለ የእንግሊዝ ባቡር ምን ያደርግልዎታል? ያውም የተሸነፈ!» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ያሸነፈውን ማንም ይሠራዋል፤» አሉኝ ሾርባቸውን እየማጉ። «የተሸነፈውን እኔ ካልሠራሁት ማን ይሠራዋል?»

ሾርባ ጨመርኩላቸው። እኔ በበኩሌ ከተሸነፈው ወገን መሆኔን እንዴት እንዳወቁ ግን እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ስሟን «ላ ፒኮላ» ብለዋታል፤ ትንሿ ማለት ነው። ክረምቱን ሙሉ የሥራ ክፍላቸውን ቆልፈው፣ በማጉያ መነጽር ሥር አጎንብሰው፣ አራት ወር ለፉባት። ችግሩ ዓይናቸው ነው። ጭጋጉ በየሳምንቱ እየወፈረ ሲመጣ ሐኪሙ ቁርጡን ነገራቸው፤ ከእንግዲህ ጥቃቅን ሥራ የለም። ስለዚህ ላ ፒኮላ የመጨረሻቸው ናት። ቲቡርቲና አካባቢ ባለ አዳራሽ የባቡር ወዳጆች ማኅበራቸው ትርኢት ነበረውና ቅዳሜ እዚያ ልትቀርብ ተወሰነ። «እሷን ሰዎቹ ካዩልኝ በኋላ መብራቱ ቢጠፋም ቫ ቤኔ፣ ግድ የለም፤» ይሉ ነበር ዓይናቸውን እያሹ። እንዲህ ሲሉ እኔ ቶሎ ብዬ ሳህን አነሣለሁ። ሳህን ማንሣት ብዙ ነገር ይሸፍናል።

የትርኢቱ ሳምንት ሰኞ ጠዋት ልጃቸው መኪና ይዛ መጥታ ለዓይናቸው ሕክምና ወሰደቻቸው። ረቡዕ ነው የሚመለሱት። ሲወጡ የሥራ ክፍላቸውን ቁልፍ መዳፌ ላይ አኖሩት።

«መስኮቱን በቀን አንድ ጊዜ ክፈትላት፤ አየር ትፈልጋለች። ሌላ ምንም አትንካ።»

«ምንም አትንካ» የምትለዋን ቃል ፈጣሪም በገነት ሞክሯት ውጤቷን ሁላችንም እናውቃለን።

መስኮቱን ከፈትኩ። ፀሐይ ገባች። ዞር ስል ላ ፒኮላን በሙሉ ብርሃን አየኋት። ወይ አምላኬ! ጭስ ማውጫዋ ዙሪያ ጥላሸት፤ ሆዷ ላይ ውኃ ወርዶ የደረቀበት ነጭ መስመር፤ መንኮራኩሮቿ ላይ ዝገት፤ መውጫ ደረጃዋ ላይ ጭቃ የመሰለ ነገር። ምስኪን ሽማግሌ! ዓይናቸው ደክሞ ቆሻሻው አይታያቸውም፤ የሚነግራቸውም የለም። ቅዳሜ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሊዋረዱ ነው። ይባስ ብሎ ደግሞ አንዱ «ይሄ ሰውዬ ባዳንቴ የለውም እንዴ?» ሊል ነው። የማን ስም ይጠፋል? የእኔ!

እኛ ዘንድ እንግዳ ፊት የሚወጣ ብርጭቆ ንጹሕም ቢሆን እንደገና ይታጠባል። ይህ ሕግ ነው፤ ማንም አልጻፈውም፤ ማንም አልሻረውም። በዚያ ላይ እኔ በልጅነቴ አራት ኪሎ ሊስትሮ ነበርኩ። ሊስትሮ የነበረ ሰው የሰው ፊት ከማየቱ በፊት ጫማውን ያያል፤ የቆሸሸ ነገር ካየ ጣቱን ይበላዋል። አሁንም በትራም ስሄድ ስንቱን ጣልያን በዓይኔ ቀለም ቀብቼ እንደማወርደው ቢያውቁ ይከፍሉኝ ነበር።

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ሆምጣጤ፣ ቢካርቦናቶ የሚሉት ሶዳ፣ ለብ ያለ ውኃ፣ አንድ የጥርስ ብሩሽ። ጥላሸቱ ገና ሲያየኝ ሸሸ። ነጩ መስመር በሆምጣጤ ለቀቀ። ዝገቱ ትንሽ ተገዳደረኝ፤ በአልኮል ብለምነው እሱም እሺ አለ። በጥጥ በመንኮራኩሮቿ አጥንት መሀል ገባሁ፤ በእንጨት ስንጥር ከደረጃዋ ሥር ጭቃውን ፈለፈልኩ። ሦስት ሰዓት ፈጀሁ። ስጨርስ ከሥሩ ጥቁር አረንጓዴ ቀለም ወጣ፤ ናሱ አበራ፤ ላ ፒኮላ ለሰርጓ የምትሄድ መሰለች። ራቅ ብዬ አየኋትና «ሲኞር ኤቶሬ፣ ሲመጡ ያለቅሳሉ» አልኩ ለብቻዬ። ትንቢት ከተራ ሰው አፍም ይወጣል።

ይህን ታምር ለብቻ ማየት ኃጢአት መሰለኝና ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወርጄ ለተብርሃንን ጠራኋት። ለተብርሃን እዚያ አንዲት አሮጊት የምትጦር የአስመራ ልጅ ናት። ትምህርቷን በአማርኛ ስለተማረች አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል፤ ስሳሳት ታርመኛለች፤ ሳልሳሳትም ታርመኛለች።

«እይ እስቲ!» አልኳት በሩን በርግጄ። «አበራኋት ወይስ አላበራኋትም?»

«አበራሃት፤» አለች። ዓይኗ ግን ባቡሯ ላይ አልነበረም። መደርደሪያው ላይ በተርታ የቆሙ ትንንሽ ብልቃጦች አሉ፤ በየደረታቸው ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። አንዱን አነሣችና አነበበች። «ሩጂኔ። ዝገት።» ሌላውን አነሣች። «ፉሊጂኔ። ጥላሸት። ይሄ ደግሞ ካልካሬ፤ ያ ውኃ ሲደርቅ የሚተወው ነጩ ነገር። ይሄኛው ፋንጎ፤ ጭቃ።» ዞር አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ሰው ለምን ዝገት በብልቃጥ ያስቀምጣል?»

«ሽማግሌ ናቸው፤ ብዙ ነገር ያስቀምጣሉ። የ... የድሮ ቡሽ ሁሉ አላቸው።»

«ብልቃጡ ባዶ ነው። ተጠርጎ ነው ያለቀው።» አጠገቡ ያለውን ደብተር ገለጠች። የላ ፒኮላ ሥዕል አለ፤ ከየአካሏ ቀስት እየወጣ ተጽፎበታል። «‹ግራ ደረጃ፣ ጭቃ፣ ሦስተኛ ድርብ፤ በመጨረሻ ተሳካ!› ይላል። ‹ጭስ ማውጫ፣ ጥላሸት፣ አምስተኛ ሙከራ› ይላል።» ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ። ከዚያ «ዋይ ኣነ!» አለች። ለተብርሃን ትግርኛዋ የሚመጣው ሰው ሲሞት ብቻ ነው።

«ምንድን ነው?»

«ወንድሜ፣ ቆሻሻውን እኮ የሠሩት ሰውየው ናቸው። አራት ወር ሙሉ የለፉት ቆሻሻውን ነው! ባቡሯ እንደ ሠራችና እንደ ደከመች እንድትመስል!»

ወንበር ፈለግሁ። እኔ እዚህ አገር ሃያ ዓመት የሰው ቆሻሻ ሳነሣ ኖሬአለሁ። የሚያቆሽሽ ሰው ሞልቶ ተርፎኛል፤ በማጉያ መነጽር የሚያቆሽሽ ግን አንድም ቀን አልገጠመኝም። በምን አውቄ! የባሰው ደግሞ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ድጋሚ ይሠራዋል፤ እሳቸው በምን ዓይናቸው?

«ደውልና ንገራቸው፤» አለች።

«ዓይናቸውን በመርፌ እየተወጉ ሳለ? ‹ሲኞር፣ እንዴት አደሩ፣ የሕይወትዎን የመጨረሻ ሥራ በሆምጣጤ አጠብኩት› ልበላቸው?»

«ታዲያ ምን ልትሆን ነው?»

«እመልሰዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ቆሻሻውን! ሮም ውስጥ ቆሻሻ ጠፍቶ ነው?»

ይህን ያልኩት በሙሉ ልብ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ላ ፒኮላን ከሥሩ ትራም በሚያልፍበት በረንዳችን ላይ አቆምኳትና አቧራ ጠበቅሁላት። በየቀኑ ከዚያ በረንዳ ላይ ግማሽ አካፋ አቧራ የማነሣ ሰው ነኝ። ያን ቀን፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ አንድ ብናኝ አልወረደም። ሰማዩ ጠራ፤ ትራሙ ታጥቦ የወጣ ይመስል በሥርዓት አለፈ፤ ማዶ የምትኖረው ሴትዮ እንኳ ምንጣፏን አላራገፈችም። በሁለት ሰዓት ውስጥ የመጣልኝ አንድ እርግብ ብቻ ነው። አረፈባት፤ ዞር ዞር ብሎ አያት፤ የመጣበትን ትቶ ሄደ።

«በል ካልካሬውን አገኘህ፤» አለችኝ ለተብርሃን።

እሱንም አጠብኩት። አሁን ሁለት ጊዜ የታጠበች ባቡር ሆነች።

ከዚያ ወደ ጓዳ ዞርን። ጥላሸቱ አላስቸገረንም፤ ሻማ አብርተን ማንኪያ ከላዩ ስንይዝ ጠቆረልን፤ በጥጥ እያነሣን ጭስ ማውጫዋን ቀባን። ዝገቱ ላይ ስንደርስ ቆምን። ሁዳዴ ነው፤ ጓዳዬ ውስጥ ከሽሮና ከበርበሬ በቀር ዱቄት የሚባል ነገር የለም። ተያየን። ሁለታችንም አንድ ነገር አስበናል፤ ማፈራችንም እኩል ነው።

«በርበሬ በዘይት፤» አልኩ።

«የአንተ በርበሬ በጣም ይቀላል። ዝገት እንዲህ አይቀላም። የእኔ የአስመራው ጠቆር ይላል።»

«የአስመራ በርበሬ ዝገት ይመስላል ብለሽ ለእናትሽ ንገሪያት እስቲ!»

«የአንተስ ምን ይመስላል? ሊፕስቲክ!»

ሩብ ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ ግማሽ በግማሽ ደባለቅነው፤ ትላልቅ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያቃታቸውን እኛ በአንድ የቡና ሲኒ ውስጥ ጨረስነው። መንኮራኩሮቿን በበርበሬ ቀባን። ደረጃዋ ላይ ሽሮ በውኃ ለውሰን ጭቃ አደረግን። ስንጨርስ ከሩቅ ባቡር ትመስላለች፤ ከቅርብ ደግሞ በያይነቱ።

«አያዩም፤» አልኩ ራሴን ለማጽናናት። እንዲህ ማለቴ ከሁሉ በላይ ያሳፍረኛል። የሰውየውን ድካም መሸሸጊያ አደረግሁት።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ መጡ። አንዱ ዓይናቸው ታሽጓል፤ ሌላው በጠብታ ብዛት ያለቅሳል። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ «ወደ ላ ፒኮላ ውሰደኝ» አሉ። ክንዳቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። ሻንጣዬን በሐሳቤ አዘጋጅቻለሁ፤ ይህ ኮንትራት ከተቀደደ ፔርሜሶዬም፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ እንደማይታደስ አውቃለሁ፤ የሚገርመው ግን በዚያች ደቂቃ ፔርሜሶው ትዝ ያለኝ በሁለተኛ ደረጃ ነው። በአንደኛ ደረጃ የታየኝ ወደ እሷ የተዘረጋው ጣታቸው ነው።

ጣታቸው ከጭስ ማውጫዋ ጀመረ። ቆም አለ። ወደ ሆዷ ወረደ፤ ነጩን መስመር ፈለገ፤ አጣው። ወደ መንኮራኩሯ ወረደ። ጎንበስ አሉና አሸተቱ። አስነጠሳቸው። እንደገና አሸተቱ፤ እንደገና አስነጠሳቸው። ከዚያ ጣታቸውን ቀመሱት።

«ፔፔሮንቺኖ?» አሉ።

«በርበሬ ነው ሲኞር፤» አልኩ። አንዴ ከጀመርኩ ማን ያቆመኛል? ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ መስኮቱን፣ ፀሐዩን፣ ሆምጣጤውን፣ እርግቡን፣ የአስመራውንና የአራት ኪሎውን በርበሬ። ለተብርሃንን ላለማስነካት ብዬ ግን የአስመራው ከየት እንደ መጣ አልተናገርኩም።

ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ከታች ትራሙ መጥቶ፣ ቆሞ፣ ሄደ።

«በምን አጠብካት?»

«በጥርስ ብሩሽ።»

«በማን?»

ያለዚህ ጥያቄም መከራዬ ይበቃኝ ነበር። «በእርስዎ ሲኞር። የእኔ ፀጉሩ ይጠነክራል።»

ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ሄደ፤ ሳቅም ልቅሶም ሊሆን ይችላል፤ ፋሻው ግማሹን ሸፍኖብኛል። «ለምን አጠብካት?» አሉ በመጨረሻ፤ በቀስታ።

«ሰው ፊት ልትወጣ ነው ብዬ። ቆሻሻው የማይታይዎት መስሎኝ። እንዳይስቁብዎት ብዬ።»

ጣታቸው ላይ የቀረውን በርበሬ በመሐረብ ጠረጉ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደው የመሳቢያ ቁልፍ አወጡ።

«የታችኛውን ቀለም ምድጃ ውስጥ ጋግሬዋለሁ፤ እሱ ተርፏል። ዱቄቶቹ መሳቢያው ውስጥ ናቸው። ዛሬ ረቡዕ ነው። መጀመሪያ ይሄን ምሳችሁን አንሣላት።»

«ማን ይቀባታል ሲኞር?»

«ያጠባት።»

የሐሙስ ጠዋቱ ትምህርት እንዲህ ነበር፦ እሳቸው ወንበር ላይ፣ እኔ ጠረጴዛው ላይ፣ ብሩሹ እጄ ላይ፣ ላቡ ግንባሬ ላይ። «ቆሻሻ ዝም ብሎ አይመጣም፤» ይላሉ። «ከየት መጣ ብለህ ጠይቅ። ውኃ የሚሞላው በዚህ ነው፤ ሲትረፈረፍ በዚህ ይወርዳል። ከሰል የሚገባው በዚህ ነው፤ ብናኙ እዚህ ይቀራል። እነዚህ ባቡሮች በየገጠሩ ጣቢያ በየደቂቃው እየቆሙ ነው የሚሄዱት፤ ስለዚህ ፍሬናቸው ዙሪያ ብዙ ዝገት አለ። አሎራ፣ በል እንግዲህ፣ ቀባ።» ቀባሁ። መስኮቱ ጋ ወስደው፣ ያልታሸገውን ዓይናቸውን አፍንጥጠው፣ በማጉያው ለአንድ ደቂቃ አዩና መለሱልኝ።

«ይሄ ዝገት አይደለም። ኩፍኝ ነው። አጥፋው።»

አጠፋሁ። ማጥፋቱንስ ማን ብሎኝ! ስድስት ጊዜ ቀባሁ፤ ስድስት ጊዜ አጠፋሁ። ለተብርሃን ምሳ ሰዓት ብቅ ብላ «አሁንም እያጠብካት ነው?» አለችና ሳንደርስባት ወረደች።

ነገሩ የተለወጠው ከሰዓት በኋላ ነው። ነጂው ሲወጣ የሚይዘው አንዲት ቀጭን የናስ ዘንግ አለች። «እሷን ቅባት አስመስለህ አቆሽሻት፤ ሁልጊዜ እጅ ይነካታል፤» አሉኝ።

«አይሆንም ሲኞር።»

አፌ ነው ያለው፤ እኔ አልነበርኩበትም።

«ምን አልክ?»

«እጅ ሁልጊዜ የሚይዘው ቦታ አይቆሽሽም፤ ይወለወላል፤ ያበራል። ቆሻሻው የሚሰበሰበው ከሥሩ ነው፤ ጣት የማይደርስበት እጥፋቱ ላይ። ሃያ ዓመት የበር እጀታ ስወለውል ኖሬአለሁ፤ ይህችን እኔ አውቃታለሁ።»

ተነሡ። ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ በሩ ሄዱ። እጀታውን ጨበጡ፤ ከዚያ ጣታቸውን ከሥሩ አስገብተው አሹት። ይህን ጊዜ ትንሽ ደነገጥኩ፤ ያን በር ማጽዳት ያለብኝ እኔ ነኛ! ተመልሰው ተቀመጡ።

«ውኃውስ?» አሉ። «ውኃው እንዴት ነው የሚወርደው?»

«ቀጥ ብሎ አይወርድም። መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ይሰበሰባል፤ ሲከብደው ነው የሚለቀው። ሲደርቅ ደግሞ መሀሉ ንጹሕ ይሆንና ነጩ ዳርና ዳሩን ይቀራል። የመታጠቢያ ቤትዎ መስታወት ላይ ስንቴ ተሰቃይቼበታለሁ!»

«አርባ ዓመት ውኃን በቧንቧ ውስጥ ሥያለሁ፤» አሉ ሲኞር ኤቶሬ። «ከቧንቧው ሲወጣ አይቼው አላውቅም። አራት ወር ሙሉ ቀጥ አድርጌ ነው ያወረድኩት።» ባቡሯን ወደ እኔ ገፉና «ቀባ፤ በል አንተ እንደምታውቀው ቀባ» አሉኝ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ተከባበርን። እሳቸው ባቡሯ የት የት እንደ ሠራች ይነግሩኛል፤ እኔ ከሥራ በኋላ ምን እንደምትመስል አውቃለሁ። ምድጃ ጀርባ ያለው ቅባት፣ ከመታጠቢያ ሥር የሚጀምረው ዝገት፣ ኮሪደር ላይ የሚደርቀው የጫማ ጭቃ፤ ስጠላው የኖርኩት ሁሉ እየመጣ በተራ በተራ ተሰለፈልኝ። ዓርብ ከሰዓት ጨረስን። መስኮቱ ጋ ወስደው በማጉያው አዩዋት። ደቂቃው አለፈ። ሁለት ሆነ። ዓይናቸው ሲያነባ «ጠብታው ነው» አሉ፤ እኔም ጠብታው ነው አልኩ፤ ሳህን ግን አጠገቤ አልነበረም።

ቅዳሜ በካርቶን አድርገን፣ ካርቶኑን በጋቢዬ ጠቅልለን፣ ትራም ተሳፈርን። አንዲት ደግ ሴት ሕፃን የታቀፍኩ መስሏት ቦታ ለቀቀችልኝ። እኔም ዝቅ ብዬ «እሽሩሩ» አልኩ፤ ሲኞር ኤቶሬ በክርናቸው ጎሸሙኝ።

አዳራሹ በሽማግሌ ተሞልቷል። ፂማሙ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ማጉያውን ይዞ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል፤ ሲያይ አይናገርም፤ ሲናገር አያመሰግንም ይላሉ። ላ ፒኮላ ጋ ሲደርስ አጎነበሰ። አፍንጫው ወደ መንኮራኩሮቿ ሲጠጋ እኔ ፈጣሪዬን ጠራሁ፤ ከአጥንቶቹ መሀል አልወጣ ያለ በርበሬ እንዳለ አውቃለሁ። አስነጠሰው። ሦስት ጊዜ። «ሳሉቴ፣ ይማርዎ!» አልኩ በትሕትና። አፍንጫውን ጠረገና ተመልሶ አጎነበሰ፤ በዚህ ጊዜ ውኃ የወረደበት ሆዷ ላይ ቆየ።

«ኤቶሬ፤» አለ ቀና ሳይል። «ይሄ ውኃ... እንዴት አገኘኸው?»

«እኔ አላገኘሁትም፤» አሉ ሲኞር ኤቶሬ። ከደረት ኪሳቸው አንድ ወረቀት አውጥተው ከላ ፒኮላ ፊት አቆሙ። ዓይናቸው እያስቸገራቸው በትልልቅ ፊደል ጽፈውታል፤ መስመሩ እንደ ሰካራም ይሄዳል። ላይኛው መስመር «ሥራ» ይልና የሳቸው ስም አለበት። ታችኛው መስመር «ቆሻሻ» ይልና የእኔ ስም ከነአባቴ፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል።

ስሜ እዚህ አገር በብዙ ወረቀት ላይ ሰፍሯል፤ ማኅተም ያለበት፣ አሻራ ያለበት፣ ወረፋ ያለበት። ሰው ሊያየው ጎንበስ ያለበት ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። «ቆሻሻ» ከሚለው ቃል ጎን መሆኑ ምንም አልቀነሰብኝም። እንዲያውም ፎቶ አንሥቼ ለለተብርሃን ላክሁላት። ወዲያው መለሰች፦ «የበርበሬው ግማሽ የማን ነው? ስሜ የታለ?»

ሽልማቱን የወሰደችው አንዲት የተራራ ባቡር ናት። ምንም አቧራ አልነካትም፤ እንደ ብርጭቆ ታበራለች። በጣም አዘንኩላት።

ሰኞ ጠዋት የሲኞር ኤቶሬን መድኃኒት ይዤ ስገባ አልጋቸው ላይ የሉም። የሥራ ክፍሉ በር ክፍት ነው። ቁም ሳጥኑን ከፍተው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አኑረው፣ አጠገቡ ቆመዋል። ጨርቁን ገለጡት። ሌላ ባቡር፤ እግሯን ያንፈራጠጠች፣ ውኃዋን በጀርባዋ ያዘለች፣ ከላ ፒኮላም የምታንስ። አረንጓዴዋ ያንጸባርቃል፤ አንዲት ነጥብ የለባትም።

«ባለቤቴ በሕይወት ሳለች የሠራኋት ናት፤» አሉ። «ለማቆሸሽ እጄ እስኪጠና እያልኩ ዓይኔ ቀድሞ ደከመብኝ። ከሷ ሥር ሌላ አንዲት አለች።»

«ሲኞር፣ ሐኪሙ ጥቃቅን ሥራ የለም ብለዋል እኮ።»

«ለእኔ ነው ያለው። የአንተን ዓይን መቼ አየ?» ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «አሎራ። ከየት እንጀምር?»

መድኃኒቱን አቀበልኳቸው። ባቡሯን ወደ ብርሃኑ አዞርኳት።

«ከደረጃዋ፤» አልኩ። «ሰው ሥራ ሲገባ መጀመሪያ የሚያስገባው ጭቃውን ነው።»